መልስ፦ የሱፍ ፍትፍት ለፍልሰታ ጾም

ጤና ይስጥልኝ። በፍልሰታ ጾም ለልጆችዎ ከሽሮ ሌላ ምን ሊሠሩላቸው እንደሚችሉና የሞከሩት የሱፍ ፍትፍት ለምን ጉሮሮ እንደያዘ ለጠየቁት እመልሳለሁ። ይህ ጾም ከነሐሴ 1 እስከ 15 በክረምቱ ወቅት የሚውልና ሕፃናትም ከታላላቆቻቸው ጋር ቤተ ክርስቲያን እየሄዱ የሚጾሙት በመሆኑ፣ ከቅዳሴ መልስ የሚቀርበው ምግብ ቀለል ያለና ሆድ የሚይዝ ቢሆን ይመረጣል፤ በዚህ ረገድ የሱፍ ፍትፍትን የሚያህል አላውቅም።

ጉሮሮ የሚይዘው አብዛኛውን ጊዜ ገለባው ነው። ሱፉን ለቅመውና አጥበው ጥቂት ከቀቀሉት በኋላ፣ በሙቀጫም ሆነ በመፍጫ ማሽን ሰበር ሰበር እስኪል ብቻ ይውቀጡት፤ እጅግ ከላመ ገለባው ወተት ከሚመስለው የሱፍ ውሃ ጋር አብሮ ያልፋል። ከዚያም በለብታ ውሃ በጥብጠው፣ በወንፊት ሳይሆን በንጹሕ ስስ ጨርቅ ሁለት ጊዜ ያጥልሉትና ሲቀዘቅዝ ጨው፣ በደቃቁ የተከተፈ ቀይ ሽንኩርትና ቃሪያ፣ ጥቂትም የዝንጅብል ጭማቂ ይጨምሩበት። ሎሚ የሚጨምሩ አሉ፤ እኔ ግን የእንጀራው ኮምጣጣነት ይበቃዋል ባይ ነኝ።

እንጀራውን አስቀድመው አይፈትፍቱት፤ ቤተ ሰቡ ማዕድ ከቀረበ በኋላ ቢፈተፈት ሳይላቆጥ ይበላል። ለትንንሾቹ ቃሪያውን ከመጨመርዎ በፊት ድርሻቸውን ለብቻ ቀንሰው ያስቀምጡላቸው። የተረፈውን የሱፍ ውሃ ደግሞ በማቀዝቀዣ አቆይተው፣ በማግስቱ በጥቂት ስኳር እንደ መጠጥ ሊሰጧቸው ይችላሉ፤ ለዚህ ግን ጨውና ሽንኩርት ሳይገባበት ተቀንሶ መቀመጥ ይኖርበታል።