መልስ ለጅማው ጠያቂ፦ በአንድ መግቢያ (አንድ ጊዜ ብቻ በሚያስገባ) የሸንገን ቪዛ ስቫልባርድ ሄዶ መመለስ ይቻላል?

አይቻልም። በሰሜን ዋልታ አካባቢ ያሉት የስቫልባርድ ደሴቶች የኖርዌይ ቢሆኑም ከሸንገን (በጋራ ቪዛ ከሚሠሩት የአውሮፓ አገሮች ቀጠና) ውጭ ናቸው። ደሴቶቹ ራሳቸው ቪዛ አይጠይቁህም፤ ችግሩ መመለሻው ላይ ነው። ከኦስሎ ወደ ስቫልባርድ ከተማ ሎንግየርብየን ስትበር ከሸንገን እንደወጣህ ስለሚቆጠር አንዷ መግቢያህ ታልቃለች። ስለዚህ ለቪዛው አሻራ ለመስጠት ከጅማ አዲስ አበባ ከመምጣትህ በፊት፦

1. ፎርሙ ላይ «ሁለት መግቢያ» የሚለውን ምረጥ።
2. የሎንግየርብየን የደርሶ መልስ በረራ ማስያዣህን አያይዝ።

አንድ ጥንቃቄ፦ የዋልታ ድብ አለና መሣሪያ ከያዘ አስጎብኚ ጋር ካልሆነ ከከተማው አትውጣ። ከየካቲት 22 እስከ ሰኔ 23 ከድቡ 500 ሜትር፣ በሌላው ጊዜ 300 ሜትር መራቅ ግዴታ ነው። ከ1946 እ.ኤ.አ. በፊት ሰው ጥሎት የሄደ ነገር ሁሉ፣ የዛገ ሚስማር እንኳ ሳይቀር፣ በሕግ የተጠበቀ ቅርስ ነው፤ ለማስታወሻ ብለህ ኪስህ እንዳትከት።