ቴፕ ወይስ ዲስክ? ሌሊቱ ለየትኛው ይበቃል?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ከብሔራዊ ቴአትር ጀርባ ባለ አንድ አስመጪ ድርጅት ውስጥ ሰርቨሩን የምከታተለው እኔ ነኝ። ወደ 700 ጊጋ ባይት ዳታ አለን፤ የሂሳብ ዳታቤዝና ስካን የተደረገ ደረሰኝ ነው። ዓርብ ማታ 12 ሰዓት ላይ ባክአፕ (የዳታውን መጠባበቂያ ቅጂ መውሰድ) እጀምራለሁ፤ ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ሥራ ሳይጀመር ማለቅ አለበት። አለቃዬ «የብሉ ሬይ መጻፊያ ርካሽ ነው፣ እሱን እንግዛ» ይላሉ። አንድ ጓደኛዬ ደግሞ ያገለገለ ኤልቲኦ 6 ቴፕ ድራይቭ (ዳታን በማግኔት ቴፕ ላይ የሚጽፍ መሣሪያ) አግኝቶልኛል። የትኛው ይፈጥናል?

መልስ፦ እህቴ፣ ቴፑ ይፈጥናል፤ ያውም በብዙ። ግን አለቃሽ ዘንድ ከመግባትሽ በፊት ሌሊቱን አብረን እናስላው።

ብሉ ሬይ እንደ ዲቪዲ ያለ፣ ግን የበለጠ የሚይዝ ዲስክ ነው። ፍጥነቱ በኤክስ ይለካል፤ 1 ኤክስ ማለት በሰከንድ 4.5 ሜጋ ባይት ነው። በ6 ኤክስ ብትጽፊ 27 ይሆናል። ተራው ዲስክ 25 ጊጋ ስለሚይዝ 28 ዲስክ ያስፈልግሻል። አንዱ በስሌት ሩብ ሰዓት ይፈጃል፤ ማስጀመሪያና መዝጊያው ሲጨመር 20 ደቂቃ ያዢለት። ድምሩ 9 ሰዓት ከ20 ደቂቃ መጣ። ይህ እንግዲህ ሳይፈተሽ ነው። በትክክል መጻፉን ለማረጋገጥ ዲስኩ ከመጀመሪያው እንደገና ይነበባል፤ ጊዜው ወደ እጥፍ ይጠጋል። ያኔ ሌሊቱ አይበቃሽም።

እኔን የበለጠ የሚያሳስበኝ ግን ዲስኩን ማን ይቀይራል የሚለው ነው። ሥራ ስጀምር ይህንኑ በዲቪዲ አድርጌዋለሁ፤ አንዱ የሚይዘው 4.7 ጊጋ ብቻ ነበር። ንጋት ላይ እንቅልፍ አሸንፎኝ ሁለት ዲስኮች ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር ጻፍኩ። ስህተቱ የታወቀው ከወራት በኋላ፣ አንድ ፋይል ተፈልጎ ሲታጣ ነው። አንቺን እዚያ ውስጥ ማየት አልፈልግም።

ኤልቲኦ 6 ዳታው ሳይታመቅ፣ ማለትም መጠኑ ሳይቀነስ፣ 2.5 ቴራ ባይት ይይዛል፤ በሰከንድ 160 ሜጋ ባይት ይጽፋል። ዳታሽ በሙሉ አንድ ካርትሬጅ (ቴፑ የተጠቀለለበት ሳጥን) ላይ ይገባል። በሙሉ ፍጥነቱ ከሄደ 73 ደቂቃ ያህል ነው። የጻፈውን እዚያው በዚያው እያነበበ ስለሚያረጋግጥ እንደ ዲስኩ ሁለተኛ ዙር አያስፈልገውም። ካርትሬጁ ላይ 6.25 ቴራ የሚል ካየሽ እሱ ዳታው ሲታመቅ ነው። ስካን የተደረገ ደረሰኝ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞውኑ የታመቀ ነው፤ እሱን አትቁጠሪበት።

አሁን ዋናው ነገር። ቴፕ የሚፈጥነው የሚበላው ዳታ ሳይቋረጥ ሲመጣለት ነው። ቸርችል ጎዳና ላይ በአንድ መሥሪያ ቤት እሠራ በነበረበት ጊዜ አዲስ ቴፕ ድራይቭ ተገዝቶ ባክአፑ ሌሊቱን ሙሉ አላለቀም። አንድ ማታ አጠገቡ ተቀመጥኩና አዳመጥኩት። በደህና ጊዜ ድምፁ አንድ ወጥ ነው፤ እንደ ማራገቢያ። ያን ማታ ግን ትንሽ ይሄዳል፣ ቀጥ ይላል፣ ወደ ኋላ ይጠቀለላል፣ እንደገና ይነሳል። ሰርቨሩ እልፍ አእላፍ ጥቃቅን ፋይሎችን አንድ በአንድ እየፈለገ ሲልክ ቴፑ ይራባል። ሲራብ ይቆማል፤ ለመቀጠል ደግሞ ወደ ኋላ ተመልሶ የተወበትን ቦታ ማግኘት አለበት። ፍጥነቱም ይወርዳል፣ ቴፑም ድራይቩም ያረጃሉ።

መፍትሔው ቀላል ነበር። ማታ ፋይሎቹን መጀመሪያ ሃርድ ዲስክ ላይ በትልልቅ ጥቅል ሰበሰብናቸው፤ ከዚያ ጥቅሉን ወደ ቴፕ ላክነው። ድምፁ ተስተካከለ። አንቺም እንደዚያ አድርጊ። ሃርድ ዲስኩ ቴፑ የተሰካበት ማሽን ላይ ይሁን፤ በ1 ጊጋ ቢት ኔትወርክ ከላክሽው በሰከንድ ከ110 ሜጋ ባይት ብዙም አያልፍልሽም። ያም ቢሆን ከሁለት ሰዓት በታች ነው። ደረሰኞቹን በመሰብሰብ የሚያልፈው ጊዜ ተጨምሮም እንቅልፍሽን ትተኛለሽ።

አለቃሽም ቢሆኑ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። አንድ ደረሰኝ ብቻ ሲፈለግ ዲስክ በሰከንዶች ይከፈታል። የኤልቲኦ 6 ቴፕ ግን 846 ሜትር ርዝመት አለው፤ ቦታው እስኪደርስ አንድ ደቂቃና ከዚያ በላይ ይጠቀለላል። ሰኔ 30 የተዘጋውን የዓመቱን ሂሳብ አንዴ ብቻ በሚጻፍ ብሉ ሬይ ላይ አስቀምጪው፤ ማንም ደርቦ አይጽፍበትም። ለየሳምንቱ 700 ጊጋ ግን አይሆንም።

ያገለገለውን ድራይቭ በተመለከተ፣ አብዛኞቹ የሚሰኩት በሳስ ካርድ (ድራይቩን ከሰርቨሩ ጋር የሚያገናኝ ካርድ) ነው። ሰርቨርሽ ካርዱ እንዳለው እዪ። የማጽጃ ካርትሬጅም አብሮ ይገዛ። ገንዘቡ ሳይከፈል አንድ ፎልደር ጽፈሽ ወደ ሌላ ቦታ መልሰሽ ክፈቺው፤ ፋይሎቹ ከተከፈቱ ግዢው። ካርትሬጁ ደግሞ ቅዳሜ ጠዋት ከሰርቨሩ ክፍል ወጥቶ ሌላ ሕንፃ ውስጥ ይቀመጥ።