የደብሩ ደን ለምን ሳሳ?

ከደብረ ታቦር አቅራቢያ አንድ አርሶ አደር እንዲህ ሲሉ ጽፈውልናል፦ «የቤተ ክርስቲያናችን ደን ከዓመት ዓመት እየሳሳ ነው። በየክረምቱ ችግኝ እንተክላለን፤ ለፋሲካ የሚደርስ የለም። ትልልቆቹ ዛፎች አርጅተዋል። በበጋ ለከብቶቻችን እንኳ ጥላ ያለው እዚያ ብቻ ነው። አፈሩ ታሞ ይሆን? መድኃኒቱስ ምንድን ነው?»

ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። መልሱ ያለው ስለ ጥላው በጻፏት ዓረፍተ ነገር ውስጥ ይመስለኛል። ከብቶቹ ደኑ ውስጥ ይውላሉ ማለት ነው።

ስንት ዘመን ወይራና ጽድ ያበቀለ አፈር በአንድ ጊዜ አይከዳም። ነገ ገብተው መሬቱን ይዩት። የችግኙ ጫፍ ተቀንጥቧል? መሬቱ በኮቴ ጠንክሯል? ጉልበት የሚደርስ የወይራ ወይም የዝግባ ቡቃያ ጠፍቷል? እንዲያ ከሆነ ችግሩ ግጦሽ ነው። እዚያው ደቡብ ጎንደር፣ በደብረ ሰናና በገላውዴዎስ ደኖች፣ ተመራማሪዎች የታጠረና ያልታጠረ ቦታ አነጻጽረው ነበር። ከብት በማይገባበት ችግኙ በተሻለ በቀለ፣ አደገም። ደግሞ የአብዛኞቹ አገር በቀል ዛፎች ዘር አፈር ውስጥ ብዙ አይቆይም። እናት ዛፉ ሳይተካ ከወደቀ ዘሩም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ጊዜ አይስጡት።

መፍትሔው የድንጋይ ካብ ነው። ድንጋዩ በየማሳችሁ አለ፤ ሲለቀም ለማረሻም ይመቻል። አጨዳና ውቂያ ካለቀ በኋላ፣ በየካቲትና በመጋቢት፣ ቄሰ ገበዙንና ሰበካ ጉባኤውን አማክረው ደቦ ይጥሩ። መጀመሪያ ከብቱ በሚገባበት በኩል ይካቡ። ካቡ ከመጨረሻው ዛፍ ጥቂት እርምጃ ራቅ ይበል፤ ደኑ ወደ ዳር የሚሰፋበት ቦታ ያስፈልገዋል። ጠንካራ አፈር እስኪገኝ መሠረቱን ይቆፍሩ። ትልልቁን ድንጋይ ከታች፣ ረጃጅሙን ደግሞ ሁለቱን ፊት እንዲያያይዝ በአግድም ያስገቡ፤ መሐሉን በጠጠር ይሙሉት። ከታች ሰፊ፣ ከላይ ጠበብ ያለ ይሁን። ከሰው ወገብ ከፍ ካለ በሬ አይደፍረውም። ጎርፍ በሚወርድበት በኩል ማስተንፈሻ ይተዉለት፤ አለዚያ በክረምት ይናዳል። ለምእመናኑ የሚዘጋ የእንጨት በር ይበቃል። የእሾህ አጥር እንዳያስቡ። በየዓመቱ ይበሰብሳል፣ እሾሁም የሚቆረጠው ከዚያው ከደኑ ነው።

አንድ ነገር ልቆጣ ይፈቀድልኝ። በየሄድኩበት የማየው ነው። በሐምሌ ሕዝብ ወጥቶ ችግኝ ይተክላል፤ በኅዳር ማሳው ሲነሳ ከብቱ ልቅ ይለቀቃል። ያን ሁሉ ጉልበት ለከብት መኖ ማድረግ ነው። ዘንድሮ መትከሉን ተዉትና ካቡን ካቡ።

ስለ ጥላውም ላስብልዎ። ቤትዎ አጠገብ ዋንዛ ወይም ብሳና ይትከሉና እስኪያድግ በእሾህ ይክበቡት። ብሳና ቶሎ ያድጋል። ካቡ ካለቀ በኋላ ውስጡ መጀመሪያ የሚወጣው ሣርና ቁጥቋጦ ነው። ቁጥቋጦውን አይመንጥሩት፤ ቡቃያው የሚጠለለው በሱ ነው። ሣሩን ግን አጭዳችሁ ለከብቶቻችሁ ተከፋፈሉት። ከአጨዳው በፊት ልጆቹ በየቡቃያው አጠገብ እንጨት ይትከሉ፣ ማጭድ እንዳይነካው።