የሩሲያው ንጉሥና የላም ገበያ፦ ለጀማሪ ጋዜጠኞች

ሰሞኑን ጋዜጠኝነት የጀመራችሁ ልጆች ጽሑፋችሁን እየላካችሁልኝ ነው። ደስ ይለኛል፣ አነባለሁም። ግን አብዛኛው ስለ ዋሽንግተን፣ ስለ ሞስኮና ስለ ቤጂንግ ነው። የምትኖሩበትን ከተማ ስም ፈልጌ አጣሁት። ስለዚህ ዛሬ ምክሬን በአንድ የአየርላንድ የገጠር ጋዜጣ ታሪክ ላዋዛው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ስኪበሪን በአየርላንድ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ ያለች ትንሽ የገበያ ከተማ ናት። ከ1845 ጀምሮ ድንቹ በበሽታ ሲበሰብስ በመጣው ረሃብ ክፉኛ ከተመቱት ቦታዎች አንዷ ነበረች። ከከተማዋ ወጣ ብሎ በሚገኘው መካነ መቃብር በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በጅምላ ጉድጓድ ተቀብረዋል። ከሞት ከተረፉትም መካከል ብዙ ሰው አሜሪካ የሚወስድ መርከብ ላይ ወጣ። ያ ሁሉ ካለፈ ገና ብዙም ሳይቆይ፣ በ1857፣ ፖተር የሚባሉ ቤተሰቦች እዚያችው ከተማ ውስጥ «ስኪበሪን ኢግል» የተባለ ጋዜጣ አቋቋሙ።

በዚያ ድህነት ማን ጋዜጣ ይገዛል? ትሉ ይሆናል። መልሱ ቀረጥ ውስጥ ነው። ያኔ አየርላንድ የምትተዳደረው ከለንደን ነበር። መንግሥት ከጋዜጣ በሦስት በኩል ይቀርጥ ነበር፤ በማስታወቂያው፣ በቴምብሩና በወረቀቱ። የማስታወቂያው ቀረጥ በ1853፣ የቴምብሩ በ1855፣ የወረቀቱ በ1861 ተነሣ። ዋጋው ሲቀንስ በየትንንሹ ከተማ ጋዜጣ እንደ አሸን ፈላ። የሚዲያ ታሪክ ስታነቡ ስለ ጀግና አርታኢዎች የተጻፈው ላይ ብቻ አትቁሙ። ሒሳቡንም ጠይቁ።

ኢግልን ዓለም ያወቀው ግን በሌላ ነገር ነው። አርታኢው ፍሬድሪክ ፖተር ደፋር ሰው ነበር። በ1890ዎቹ የሩሲያ መስፋፋት መነጋገሪያ በሆነበት ጊዜ፣ ጋዜጣው የሩሲያን ንጉሠ ነገሥት በዓይነ ቁራኛ እንደሚጠብቅ አስታወቀ። አስቡት፣ ከሴንት ፒተርስበርግ ቤተ መንግሥት ርቆ፣ ቅቤና ከብት ከሚሸጥባት ከተማ! የሰማ ሁሉ ሳቀ። እስከ ዛሬም አየርላንድ ውስጥ ከአቅሙ በላይ የሚንጠራራ ሰው ሲያጋጥም ስኪበሪን ኢግል ይነሣል።

ሰውዬው ግን አላፈረም። መስከረም 1898 በወጣ ርዕሰ አንቀጽ ጋዜጣው ክትትሉን እንደሚቀጥል ጻፈ። ንጉሠ ነገሥቱን ብቻ አይደለም፣ በአገር ውስጥም በውጭም ያሉ ጨቋኞችን ሁሉ። ሕዝብ ራሱን የማስተዳደር መብት እንዳለው አከለ። መሬት ለሕዝብ የሚለውንም መፈክር የጋዜጣው መሠረት ነው አለ። እኔ ቀልዱን ብወደውም ከፖተር ጎን ነኝ። መሬት ለሕዝብ የሩሲያ ጉዳይ ብቻ አልነበረም። በዚያ ዘመን የስኪበሪን ገበሬ በየቀኑ የሚያነሣው ጉዳይ ነበር። ፖተር ሩቁን ያየው ከቆመበት ማሳ ሆኖ ነው። እናንተም ስለ ዩክሬን ጦርነት መጻፍ ካማራችሁ ጻፉ። ግን የሰፈራችሁ ዳቦ ቤት የዱቄት ዋጋ ምን ያህል እንደጨመረበት ጠይቃችሁ ጀምሩ።

አሁን ወደ ውስጥ ገጾቹ እንግባ። እኔ የምወደው እሱን ነው። እንዲህ ያሉ የአየርላንድ የገጠር ጋዜጦች አምዳቸው የሚሞላው በትንሹ ፍርድ ቤት ውሎ፣ በድሆች መርጃ ቦርድ ስብሰባ፣ በከብትና በቅቤ ዋጋ፣ በጋብቻና በሞት ነበር። አንዱ ሰክሮ ተቀጣ፤ የሌላው አህያ ያለ ጠባቂ መንገድ ላይ ተገኘ። ይህን ሁሉ የሚያትሙት ደግሞ የእርሳስ ፊደል አንድ በአንድ እየለቀሙ ነው። ፊደል ለቃሚው ቆሞ፣ ከሳጥኑ እያነሣ፣ ፊደሎቹን ግልብጥ አድርጎ ይደረድራል። የሰው ስም ከተሳሳተ መስመሩን ፈትቶ እንደገና መደርደር ነው። ፊደል ለቀማ እኛም አገር ስለነበር ድካሙን አውቀዋለሁ፤ የእኛ ፊደል ደግሞ ብዛቱ! ያን ያህል ተለፍቶ የአህያ ዜና ከታተመ፣ አንባቢው ይፈልገው ነበር ማለት ነው።

በ1889 ሁለት ወንድማማቾች እዚያችው ከተማ ውስጥ «ሳውዘርን ስታር» የተባለ ተቀናቃኝ ጋዜጣ አወጡ። ስታር ኋላ ላይ አየርላንድን ከእንግሊዝ ነፃ ለማውጣት የሚታገሉት ሰዎች አፍ ሆነ። ከመሪዎቻቸው አንዱ የነበረው ማይክል ኮሊንስ ራሱ፣ የዚያው አካባቢ ልጅ ነውና፣ የአክሲዮን ባለድርሻ ነበር። የእንግሊዝ መንግሥትም ከአንዴም ብዙ ጊዜ ዘጋው። በመጨረሻ፣ በ1929፣ ስታር ኢግልን ገዛው። አሁንም በየሳምንቱ ይወጣል።

ሁለት ጋዜጣ በአንዲት ትንሽ ከተማ፣ ፖለቲካቸው ለየቅል። ስለ ፖለቲካው እንደፈለጋችሁ መከራከር ትችላላችሁ። የላሟን ዋጋ ግን ማጣመም አይቻልም። ገበሬው ገበያ ውሎ መጥቷልና። ስለ ሞስኮ ብትሳሳቱ ማንም አይይዛችሁም። ስለ ቀበሌ ውኃ ብትሳሳቱ ግን በነጋታው ታክሲ ሰልፍ ላይ ጉድ ይፈላል። እኔ የማውቀው ጥሩ ዘጋቢ ሁሉ የሠለጠነው እንዲህ ባለ አንባቢ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። አየርላንድ ውስጥ የሞት ማስታወቂያ ትልቅ ነገር ነው። ልክ እንደ እኛ፣ ቀብር መቅረት ነውር ነው። ማስታወቂያው ለብዙ ጊዜ የሚወጣው በአካባቢ ጋዜጣና በአካባቢ ሬዲዮ ነበር። በ2005 አንድ የሞት ማስታወቂያ ብቻ የሚያወጣ ድረ ገጽ ተከፈተ። ሰው ጠዋት ሻይ ሳይጠጣ እሱን ይከፍታል ይባላል። በ2024 የአይሪሽ ታይምስ ኩባንያ ገዛው። ያ ትልቅ የደብሊን ጋዜጣ ገንዘቡን የት እንዳዋለ ልብ በሉ።

ስለዚህ ሥራ ልስጣችሁ። የወረዳ ፍርድ ቤት ሄዳችሁ ግልጽ ችሎት ላይ ቁጭ በሉ። የምትጽፉትን ሰው ስም ከነአባቱ ከራሱ አፍ ስሙ፣ አጻጻፉንም ጠይቁት። «ኃይለ» ይሁን «ኃይሌ» በግምት አይጻፍም። የሽንኩርት ዋጋ ስትጽፉ አንድ ነጋዴ አይበቃም፤ የገዛችውንም ሴትዮ አናግሩ። ቀኑን ጻፉ። ሪያድና ዋሽንግተን ያለው ዘመዳችሁ ስለ ትራምፕ ከእናንተ ቀድሞ ሰምቷል፤ የሰፈሩ ድልድይ ተሠርቶ እንደሆነ ግን የሚነግረው የለም።

የጻፋችሁትንም አስቀምጡ። ስታርና ኢግል ዛሬ የሚነበቡት ጥራዛቸውን ያስቀመጠ ሰው ስለነበረ ነው። የቴሌግራም ቻናል አንድ ቀን ከተዘጋ ተዘጋ። ጊዜ ስታገኙ ደግሞ ወመዘክር ጎራ በሉና የድሮ አዲስ ዘመን ጥራዝ አስወጡ። የፊት ገጹን እለፉት፤ ከማስታወቂያዎቹ ጀምሩ።