ድብ፣ ተኩላና ሊንክስ በስሎቬኒያ፦ ጥያቄና መልስ

ስለ ስሎቬኒያ የዱር አጥቢ እንስሳትና ስለ ጥበቃቸው የቀረቡልኝን ጥያቄዎች ከዚህ በታች በየተራ እመልሳለሁ። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ስሎቬኒያ በጣም ትንሽ አገር እንደሆነች እናውቃለን። ድብን የሚያህል እንስሳ እንዴት ሊተርፍባት ቻለ?

መልስ፦ የቆዳ ስፋቷ 20,271 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ ሕዝቧም 2.1 ሚሊዮን ገደማ ነው። ነገር ግን ከመሬቷ ከግማሽ በላይ የሚሆነው፣ ማለትም 58 በመቶ ያህሉ፣ በደን የተሸፈነ ነው። በተለይ በደቡብ በኮቼቭዬ አካባቢ ያለው ደን በኖራ ድንጋይ ተራሮች ላይ የበቀለ፣ ዋሻና ገደል የበዛበት፣ ለእርሻ የማይመች በመሆኑ ሰው አጥብቆ አልሰፈረበትም። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ደኑ በስሎቬኒያ ወሰን አያበቃም፤ ዲናሪክ የተባለውን የተራራ ሰንሰለት ተከትሎ ወደ ክሮኤሺያ፣ ከዚያም ወደ ቦስኒያ ይዘልቃል። ስለዚህ የስሎቬኒያ ድብ የምንለው እንስሳ በእውነቱ ብዙ አገሮች በጋራ የያዙት የአንድ ትልቅ መንጋ ሰሜናዊ ጫፍ ነው። በዚህ አገር ስለሚኖሩ ትልልቅ እንስሳት የሚነሱ ጥያቄዎች ሁሉ መልሳቸው ከዚህ ሐቅ ይጀምራል ብዬ አምናለሁ።

ጥያቄ፦ ቡናማ ድብ በዓለም ደረጃ የመጥፋት አደጋ ከሌለባቸው እንስሳት ተርታ መመደቡን አንብቤአለሁ። ታዲያ ስሎቬኒያ ለምን ትጠብቀዋለች?

መልስ፦ የዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት የሚያወጣው ደረጃ ከሳይቤሪያ እስከ አላስካ ያሉትን ድቦች በአንድነት ቆጥሮ የሚሰጥ ነው። በዚያ መዝገብ ድብም፣ ተኩላም፣ ሊንክስ የተባለው ትልቅ የዱር ድመትም ዝቅተኛ ስጋት ባለበት መደብ ውስጥ ይገኛሉ። ይህ ደረጃ ግን በአንድ ሸለቆ ውስጥ ስለሚኖሩ ጥቂት እንስሳት ምንም አይነግረንም፤ በአንድ አህጉር የበዛ እንስሳ በአንድ አገር ውስጥ በመጥፋት ላይ ሊሆን ይችላል። የአውሮፓ ኅብረት በ1992 ያወጣው የመኖሪያ ሥፍራዎች መመሪያ ድብንና ሊንክስን በጥብቅ ከሚጠበቁት መካከል የመደባቸው ለዚህ ነው። ስሎቬኒያ በ2004 ኅብረቱን ስትቀላቀል ይህንን ግዴታ ተቀብላለች፤ ናቱራ 2000 በተባለው የጥበቃ መረብ ውስጥ ያስገባችው መሬትም ከጠቅላላ ስፋቷ 37 በመቶ ያህል በመሆኑ በኅብረቱ አገሮች መካከል ከፍተኛውን ድርሻ ይዛለች።

ጥያቄ፦ ድብ ጥብቅ ጥበቃ ካለው በየዓመቱ በመንግሥት ፈቃድ የሚገደለው ለምንድን ነው? ለእኔ እርስ በርሱ የሚጋጭ ነገር ነው።

መልስ፦ ጥያቄዎ ተገቢ ነው፤ በስሎቬኒያም ውስጥ ለዓመታት ሲያከራክር የኖረ ጉዳይ ነው። መመሪያው ሌላ አማራጭ በማይኖርበት ጊዜና የእንስሳውን ህልውና በማይጎዳ መጠን ልዩ ፈቃድ እንዲሰጥ ይፈቅዳል። የድቦቹ ብዛት በቅርብ ዓመታት ወደ 1000 የተጠጋ ሲሆን፣ ይህም ለመሬቱ ስፋት ሲታይ በአውሮፓ ከፍተኛ ከሚባሉት አንዱ ነው። ባለሥልጣናቱ ቁጥሩ ያለ ገደብ ከጨመረ ድቦች ወደ መንደር እየቀረቡ የንብ ቀፎና በግ ማጥፋታቸው፣ አልፎ አልፎም ሰው ማቁሰላቸው ይበዛል፤ በዚያን ጊዜ የገጠሩ ሕዝብ ለዘመናት ያሳየው ትዕግሥት ያልቃል ብለው ይከራከራሉ። ተቃዋሚዎቹ ደግሞ ቆሻሻ በአግባቡ ቢወገድ፣ ቀፎም በኤሌክትሪክ አጥር ቢከለል ብዙው ግጭት እንደሚቀር ይናገራሉ። እኔ የሁለቱም ክርክር እውነት አለው እላለሁ፤ ሆኖም ድብ የማይገባበት የቆሻሻ ማጠራቀሚያ በየመንደሩ ሳይዳረስ የሚሰጥ የግድያ ፈቃድ ሥራውን ከመጨረሻው እንደመጀመር ይቆጠራል።

ጥያቄ፦ ስሎቬኒያ ድቦቿን ለሌሎች አገሮች ትሰጣለች ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። ከ1999 እስከ 2002 ባለው ጊዜ 10 ድቦች ወደ ሰሜን ኢጣሊያ ትሬንቲኖ ተወስደዋል፤ ዛሬ በዚያ የሚገኙት ድቦች በሙሉ የእነርሱ ዘሮች ናቸው ማለት ይቻላል። ሊጠፉ ጥቂት ወደቀራቸው የፒሬኔ ተራራ ድቦችም በ1996 እና 1997፣ በ2006፣ በኋላም በ2018 የስሎቬኒያ ድቦች ተጨምረዋል።

ጥያቄ፦ ከእነዚህ እንስሳት መካከል እጅግ የሚያሳስብዎ የትኛው ነው?

መልስ፦ ሳላመነታ ሊንክስ ነው እላለሁ። ሊንክስ ጆሮው ጫፍ ላይ ጥቁር የጸጉር ጉንጉን ያለው፣ ጅራቱ አጭር፣ በአብዛኛው ትንንሽ አጋዘኖችን እያደነ የሚኖር ትልቅ የዱር ድመት ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በአደንና በደን መመናመን ምክንያት ከስሎቬኒያ ፈጽሞ ጠፋ። በ1973 ከስሎቫኪያ የመጡ ስድስት ሊንክሶች፣ ሦስት ወንድና ሦስት ሴት፣ በኮቼቭዬ ደን ተለቀቁ። ይህንን ያስጀመሩት አዳኞች መሆናቸው ሊዘነጋ አይገባም። እንስሳቱ በፍጥነት ተራብተው ወደ ክሮኤሺያና ወደ ቦስኒያ ተስፋፉ፤ እድገታቸው ያማረ ስለመሰለም ጥቂት ዓመታት ቆይቶ አደን ተፈቀደባቸው።

ችግሩ ግን ከጅምሩ በውስጣቸው ነበረ። ሁሉም የስድስት እንስሳት ዘሮች ነበሩ፤ ከስድስቱም አንዳንዶቹ የቅርብ ዘመዳሞች ነበሩ። ከውጭ አዲስ ደም የሚገባበት መንገድ ስላልነበረ የሥጋ ዘመድ ከሥጋ ዘመድ እየተዳቀለ ትውልዶች አለፉ፤ በ2010ዎቹ የተደረገው የዘረመል ምርመራም በመካከላቸው ያለው መቀራረብ ከወንድምና እህት ከሚወለድ ግልገል ጋር የሚስተካከል ደረጃ ላይ መድረሱን አሳየ። እንዲህ ያለ መንጋ ማንም ሳይተኩስበት በራሱ ይከስማል፤ ግልገሎቹ ይሞታሉ፣ በሽታን የመቋቋም አቅሙ ይደክማል። ከ2017 ጀምሮ እስከ 2024 በተካሄደው ላይፍ ሊንክስ በተባለው ፕሮጀክት ከሮማኒያና ከስሎቫኪያ ካርፓቲያን ተራሮች የተያዙ ሊንክሶች በስሎቬኒያና በክሮኤሺያ ደኖች ተለቀቁ፤ በ2021ም በስሎቬኒያ አልፕስ አዲስ የመኖሪያ ነጥብ ተፈጠረ። አዲሶቹ ከነባሮቹ ጋር ተዳቅለው ወልደዋል። ይህ ታላቅ ደስታ ነው፤ ነገር ግን ቁጥራቸው ገና ትንሽ ስለሆነ ከብዙ ዓመታት በኋላ ደግሞ እንስሳ ማምጣት ሊያስፈልግ ይችላል። የዱር እንስሳ ተመለሰ ሲባል ስንት ሆነ ብቻ ሳይሆን ከስንት እናትና አባት መጣ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ ተኩላስ? አርብቶ አደሮቹ ምን ይላሉ?

መልስ፦ በቀድሞው ዘመን ተኩላ ለገደለ ሽልማት ይከፈል ነበር፤ ከ1993 ወዲህ ግን በሕግ ይጠበቃል፤ አሁን ከ100 በላይ ተኩላዎች አሉ። በግ አርቢዎቹ ቅሬታ አላቸው፣ ቅሬታቸውም መሠረት ያለው ነው። መንግሥት ንብረቱን ለመጠበቅ ተገቢውን ላደረገ አርቢ ካሳ ይከፍላል፤ ከፍ ያለ የኤሌክትሪክ አጥርና ጠባቂ ውሻ የሚጠቀሙ ሰዎች ጉዳታቸው በግልጽ ቀንሷል። ክራስ በተባለው አካባቢ ለዚሁ ሥራ የኖረ ጥንታዊ የእረኛ ውሻ ዝርያ አለ።

ስለ ተኩላ ከተነሣ ስላቭት የተባለውን ተኩላ ታሪክ ሳልነግራችሁ ማለፍ አልችልም። በ2011 ክረምት ምዕራባውያን በጋ በሚሉት ሐምሌ ወር የልዩብልያና ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በአንድ ወጣት ወንድ ተኩላ አንገት ላይ የሳተላይት መከታተያ አሰሩ። በታኅሣሥ ወር ከወላጆቹ ተለይቶ ጉዞ ጀመረ፤ አውራ ጎዳናዎችን ተሻግሮ፣ ድራቫ የተባለውን ትልቅ ወንዝ ዋኝቶ፣ በኦስትሪያ በረዷማ ተራሮች አልፎ በ2012 መጋቢት ከቬሮና በላይ ወዳለው ሌሲኒያ ደረሰ። በዚያም ከኢጣሊያ ወገን የመጣች አንዲት ሴት ተኩላ አገኘ። ለረጅም ዘመን ተለያይተው የኖሩት የዲናሪክና የኢጣሊያ ተኩላዎች ከእነዚህ ከሁለቱ በተወለዱት ግልገሎች አማካይነት ተገናኙ። ለዚህ ነው ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ስደተኞችን ለመከልከል በክሮኤሺያ ድንበር የተዘረጋው ምላጭ ያለው ሽቦ ተመራማሪዎቹን ያስጨነቃቸው፤ አጋዘኖች ተጠልፈውበት ሞተዋል። ሽቦው ከ2022 ጀምሮ መነሣቱ ተገቢ ሥራ ነበር። በሌላ በኩል የበርን ስምምነት የተባለው የአውሮፓ የዱር እንስሳት ጥበቃ ውል አባል አገሮች በታኅሣሥ 2024 የተኩላን የጥበቃ ደረጃ ዝቅ አድርገዋል፤ የአውሮፓ ኅብረትም በ2025 ሕጉን በዚሁ መሠረት ለውጧል። አገሮች አሁን የበለጠ የመግደል ነፃነት ቢኖራቸውም የተኩላውን ህልውና በመልካም ሁኔታ የማቆየት ግዴታቸው አልተነሣም።

ጥያቄ፦ በስሎቬኒያ ተራሮች ላይ ዋልያ የሚመስል እንስሳ በፎቶግራፍ አይቻለሁ። ዝምድና አላቸው?

መልስ፦ አዎ፣ አይቤክስ ነው፤ ከሰሜን ተራራችን ዋልያ ጋር በአንድ ወገን የሚመደብ የዱር ፍየል ነው። ከስሎቬኒያ ጠፍቶ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በሰው እጅ ተመልሷል። በመላው አልፕስ ያሉት ሁሉ በኢጣሊያ ግራን ፓራዲሶ ከተረፉት በጣም ጥቂት እንስሳት የመጡ ስለሆኑ የሊንክሱ ዓይነት የዘር ጥበት በእነርሱም ላይ ይታያል።

ጥያቄ፦ ቀበሮም አለ ይባላል፤ የእኛው ነው?

መልስ፦ ወደ ስሎቬኒያ ከደቡብ ምሥራቅ በራሱ እየተስፋፋ የመጣው ወርቃማው ቀበሮ ነው። በኢትዮጵያ የሚገኘው ተመሳሳዩ እንስሳ ግን የተለየ ዝርያ መሆኑን በ2015 የወጣ የዘረመል ጥናት አመልክቷል፤ ከቀይ ቀበሯችንም ሁለቱም የተለዩ ናቸው። ቢቨር የተባለው ውኃ ገዳቢ እንስሳም በተመሳሳይ መንገድ በክሮኤሺያ ከተለቀቀ በኋላ በ1998 ወንዙን ተከትሎ ራሱ ገብቷል።

ጥያቄ፦ ስሎቬኒያውያን አይጥ ያድናሉ የሚባለው ምንድን ነው?

መልስ፦ ፖልህ የሚሉት፣ ጅራቱ ጸጉራም፣ በዛፍ ላይ የሚኖር ትንሽ እንስሳ ነው። ቫልቫሶር የተባለው የአገሩ ጸሐፊ በ1689 ባሳተመው መጽሐፍ አደኑን በሰፊው ገልጾታል፤ ዛሬም በመጸው ይታደናል፣ ሥጋው ይበላል። የሚራባው ቢች የተባለው ዛፍ ፍሬ በሚያፈራበት ዓመት ነው፤ ፍሬ በሌለበት ዓመት ሳይወልድ ያልፋል። ስለዚህ ደኑ ካልተመናመነ አደኑ ብቻውን አያሰጋውም።

ጥያቄ፦ ለሥራ ወደዚያ ልሄድ ነው፤ ደን ውስጥ መንሸራሸር እወዳለሁ። ድብ ቢያጋጥመኝ ምን ላድርግ?

መልስ፦ በደኑ ውስጥ እየተነጋገሩ ወይም ድምፅ እያሰሙ ይሂዱ፤ ድብ ሰው መምጣቱን ካወቀ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ ይርቃል። ውሻ ካለዎት ይሰሩት፤ የተቆጣ ድብን ወደ ባለቤቱ ይዞ የሚመጣው ብዙ ጊዜ የተለቀቀ ውሻ ነው። ካዩት አይሩጡ፤ ረጋ ብለው እያናገሩት ወደ ኋላ ይመለሱ። ግልገል ካዩ ፎቶግራፍ ለማንሣት ፈጽሞ አይጠጉ፤ እናቲቱ ቅርብ ናት። በጸጥታ ማየት ከፈለጉ በኮቼቭዬና በሎዥ ሸለቆ ከአስጎብኚ ጋር ከተዘጋጁ መመልከቻ ቤቶች ሆነው ማየት ይችላሉ፤ ከጸደይ እስከ መጸው ያለው የምሽት ሰዓት የተሻለ ነው።