ሲቪዬን ሰው ሳያየው ተጣለ

ጋሼ፣ እንደምን ከርመዋል?

የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። ከወሎ ዩኒቨርሲቲ በአካውንቲንግ ተመርቄ አንድ የግል ድርጅት ውስጥ በሒሳብ ሠራተኛነት ሠርቻለሁ። ድርጅቱ ሲዘጋ ቤት ዋልኩ። በቅርቡ አንድ ትልቅ ድርጅት በኢንተርኔት ማስታወቂያ አወጣ። የጠየቀውን ሁሉ አሟላለሁ። ማታ ፎርሙን ሞልቼ ሲቪዬን አስገባሁ። ወዲያው «አልተመረጡም» የሚል ኢሜይል መጣ። በዚያ ሰዓት ማን አነበበው? ጓደኛዬ «ኤአይ የሚባለው ማሽን ነው የሚለየው፤ አንቺም በቻትጂፒቲ አጽፊና የሌለሽንም ጨምሪበት» ትለኛለች። ምን ይመክሩኛል? ሲቪዬን አያይዤዋለሁ።

ኤስ፣ ከኮምቦልቻ

ልጄ፣ አብሽሪ።

በሌሊት፣ ያውም ወዲያው የመጣ መልስ የሰው አይመስለኝም። ሲቪሽን ሳየው ደግሞ ማሽን የት ላይ ሊሳሳት እንደሚችል ገባኝ። የተመረቅሽበትን ዓመት 2014 ብለሻል፣ በእኛ አቆጣጠር። ሥራ የጀመርሽበትን ግን 2023 ብለሻል፣ በፈረንጆቹ። እዚህ ያለ ቀጣሪ አይቶ ይረዳዋል። ማሽን ግን ቀንሶ «ዘጠኝ ዓመት ሥራ ፈትታለች» ሊል ይችላል። ሁሉንም ወደ አንድ አቆጣጠር አምጪው። ሲቪው በእንግሊዝኛ ስለሆነ በፈረንጆቹ ይሁን፤ ሐምሌ 2014 ማለት 2022 ነው።

ሌላው ሲቪሽ ላይ ያለው ያ ባለቀለም ሳጥን ነው። ጽሑፉን ኮፒ አድርጌ ባዶ ገጽ ላይ ፔስት ሳደርገው ሳጥኑ ውስጥ ያለው ፒችትሪ የሚለው የሒሳብ ፕሮግራም ስም ጭራሽ አልመጣም። ለካ በሥዕል መልክ ነው የገባው! ማስታወቂያው ደግሞ መጀመሪያ የጠየቀው እሱን ነው። ሳጥኑን አውጥተሽ ከላይ ወደ ታች በተራ ጽሑፍ ጻፊው።

እንግሊዝኛሽን በቻትጂፒቲ ማስተካከል ነውር የለውም። ያልሠራሽውን መጨመር ግን ይቅርብሽ። ኮምፒውተር ፊት አስቀምጠው «እስቲ ሥሪው» ቢሉሽ ምን ይውጥሻል?

ደግሞ ማሽኑ ጣለኝ ብለሽ ራስሽን አታሳንሺ። አማዞን ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲቪ የሚመዝን ፕሮግራም ሲሞክር ነበር። የተማረው በአብዛኛው ወንዶች ካስገቧቸው የቆዩ ማመልከቻዎች ስለነበር «የሴቶች» የሚል ቃል ያለበትን ሲቪ ዝቅ ያደርግ ጀመር። ድርጅቱ በኋላ ተወው። የሰው እንጀራ ላይ የሚወስን ነገር ሰው ሳያየው ማለፉ በጣም ያናድደኛል።

ስለዚህ ለሰው ኃይል ክፍሉ ጻፊላቸው። የተስተካከለውን ሲቪ አያይዘሽ «ማመልከቻዬን ሰው እንዲያይልኝ እጠይቃለሁ» በያቸው። ደሴ ቢሮ ካላቸው ዲግሪሽንና የሥራ ልምድ ደብዳቤሽን ይዘሽ በአካል ሂጂ። ቀነ ገደቡ ሳያልፍብሽ ነገውኑ ውጪ።