ቢራቢሮ ፎቶ ለማንሳት ወደ ተራራ ለምትወጡ ወጣቶች

ውድ ወጣቶች፣

ክረምቱ ወጥቶ ሜዳው አደይ አበባ በሚለብስበት በመስከረምና በጥቅምት፣ በቡድን ሆናችሁ ቢራቢሮ ፎቶ ለማንሳት ወደ ተራራ ስለምትወጡ ይህን ደብዳቤ ልጽፍላችሁ ወደድሁ። ዕድሜዬን ነፍሳትን በማጥናትና ተማሪዎችን እየመራሁ በየደኑ በመዞር ያሳለፍሁ ሰው ነኝ፤ ስለዚህም የምመክራችሁ ከካሜራ አያያዝ ስለሚቀድመው ነገር ነው። ቢራቢሮን አታሳድዱ፤ የምትፈልገውን ተክል ዕወቁና እዚያው ጠብቋት።

በአብዛኛው አባጨጓሬ ያገኘውን ቅጠል ሁሉ አይበላም፤ እያንዳንዱ ዝርያ የለመደው የተክል ወገን አለው፤ እናቲቱም እንቁላሏን የምትጥለው በዚያው ላይ ነው። ፓፒሊዮ ደሞዶከስ የተባለችውን ትልቅ ጥቁርና ቢጫ ቢራቢሮ ማየት የሚፈልግ ሰው ሩቅ ሳይሄድ የጓሮ ሎሚና ብርቱካን ቅጠል ይመርምር፤ ትንሹ አባጨጓሬዋ የወፍ ኩስ መስሎ ቅጠሉ ላይ ተጋድሞ ያገኘዋል፤ ሲያድግ ደግሞ አረንጓዴ ይሆንና ሲነኩት ከራሱ በስተኋላ መንታ ቀንድ የመሰለ፣ ኃይለኛ ሽታ ያለው ነገር ያወጣል። ልምጭ የተባለው ቁጥቋጦም ከሎሚና ከጤና አዳም ጋር አንድ ቤተሰብ ስለሆነ በደን ውስጥ ልምጭ ያለበትን ቦታ የሚያውቅ ሰው የዚህችን ቢራቢሮ ዘመዶች የት እንደሚጠብቅ ያውቃል። ሁሉም የሚሸሸውን የሳማ ጥሻም አትናቁት፤ ቫኔሳ አቢሲኒካ የተባለችው የኢትዮጵያና የምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ቢራቢሮ ልጆቿን የምታሳድገው ከሳማ ወገን በሆኑ ተክሎች ላይ ነው። እኔ ከአንድ ውድ ሌንስ ይልቅ ዐሥር ተክሎችን በስማቸው የሚያውቅ ፎቶ አንሺ እመርጣለሁ።

አብዛኞቻችሁ አዲስ አበባ ስለሆናችሁ መናገሻ ሱባን ላንሳ። በወጨጫ ተራራ ላይ ያለው ይህ ደን በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን በሰሜን ሸዋ ካለው ከወፍ ዋሻ ደን በመጣ የጥድ ዘር እንደለማ ይነገራል። በጥድ፣ በወይራና በዝግባ ይጀምራል፤ ከፍ ሲሉ ኮሶው ይመጣል፤ ወደ 3,385 ሜትሩ ጫፍ ሲቃረቡ ደግሞ አስታ የተባለው ቁጥቋጦ ይተካዋል። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ገደማ ስለሚቀንስ ወደ ላይ በወጣችሁ መጠን የምታገኟቸው ዝርያዎች እያነሱ ይሄዳሉ። ስለዚህ ጫፉን ለመርገጥ የሚቸኩል ሰው ካለ በሌላ ቀን ይሂድ፤ ቢራቢሮ የምትበዛው በደኑ ዳርቻ፣ ፀሐይ በሚገባበት ገላጣ ቦታና በጅረቱ አጠገብ ነው።

ሰዓቱንም ዕወቁ። ቢራቢሮ ለበረራ የሚበቃ ሙቀት ከፀሐይ የምትወስድ ፍጥረት ስለሆነች፣ የደጋ ብርድ ያደረባት ቢራቢሮ ጠዋት ክንፏን ዘርግታ ሳትሞቅ አትነሣም። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ደርሳችሁ በቦታችሁ ከተቀመጣችሁ እስከ 4 ሰዓት ድረስ ያለው ጊዜ ከቀኑ ሁሉ ይበልጣል። ጎን ለጎን የሚሄድ ቡድን ጥላውን የሚጥለው በዚህች በምትሞቅ ፍጥረት ላይ ነው፤ ጥላ ሲያርፍባትም ትነሣለች። ስትጠጓት ዝቅ በሉ፤ ፀሐዩ ከወዴት እንደሆነ አይታችሁ በዝግታ ቅረቡ።

የቡድን ጉዞ ትልቁ ፈተና ይኸው ነው። አንዱ «አገኘሁ!» ሲል ሁሉም ወደዚያው ይሮጣል፤ የሚቀረውም የተረገጠ ሣርና የሸሸች ቢራቢሮ ነው። በእኔ ልምድ ከስምንት ሰው በላይ የሆነ ቡድን ከደን ብዙ አያገኝም፤ ስምንቱም ቢሆኑ ጥንድ ጥንድ ሆነው በመንገዱ ላይ ቢራራቁ ይሻላል። ከጥንዱ አንዱ ፎቶ ሲያነሳ ሌላው ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ከፍታውንና ያረፈችበትን ተክል ይጻፍ፤ ከዚያም ይቀያየሩ። ፊት የሚሄደው ሰው እርጥብ መሬት ሲያይ ጓደኞቹን ያስቁም፤ በምንጭና በኩሬ ዳር ተሰብስበው የምታዩዋቸው ቢራቢሮዎች በአብዛኛው ወንዶች ሲሆኑ፣ ወደ ጭቃው የሚመጡት ጨው ለመምጠጥ ነው፤ ያንንም ጨው ለመራባት ሲገናኙ ለሴቷ ያካፍላሉ። አንድ ግድየለሽ እግር ብዙዎቹን በአንድ ጊዜ ይጨርሳል።

ስለ ካሜራው የምለው ጥቂት ነው። 100 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ማክሮ ሌንስ (ትንንሽ ነገሮችን አጉልቶ የሚያነሳ ሌንስ) ያለው ሰው ርቀቱን ጠብቆ ያነሳል፤ ስልክ ብቻ ያለውም በትዕግሥት ጥሩ ሥራ ይሠራል። የካሜራው ፊት ከክንፉ ጋር ትይዩ ካልሆነ ግማሹ ክንፍ ይደበዝዛል። የክንፉን ላይኛውንም ሆነ ታችኛውን ገጽ አንሡ፤ ብዙ ዝርያዎች የሚለዩት በታችኛው ገጽ ነውና። ፓፒሊዮ ዳርዳነስን ያያችሁ እንደሆነ ደግሞ በተለይ ተጠንቅቃችሁ መዝግቡ። በአብዛኛው የአፍሪካ ክፍል የዚህች ቢራቢሮ ሴቷ ጭራ የላትም፤ ወፎች የማይበሏቸውን ሌሎች መራራ ቢራቢሮዎችም ትመስላለች፤ በአገራችን ግን ብዙዎቹ ሴቶች እንደ ወንዱ ቢጫና ባለ ጭራ ናቸው። ይህን ልዩነት ለመረዳት የምትጥር ሳይንስ፣ ቦታውና ቀኑ በትክክል የተጻፈበት ፎቶ ከመቶ ውብ ፎቶ ይበልጥባታል።

ቢራቢሮን ይዞ፣ በቀዝቃዛ ዕቃ ውስጥ አደንዝዞ፣ አበባ ላይ አስቀምጦ የሚያነሳ ሰው እንዳለ ሰምታችኋል። እባካችሁ ይህን በቡድናችሁ ውስጥ አትፍቀዱ። በጣት ሲይዟት የሚቀረው ዱቄት ክንፏን የሸፈኑት ጥቃቅን ቅርፊቶች ናቸው፤ አንዴ ከረገፉ አይተኩም። የደነዘዘች ቢራቢሮ ፎቶም የሚያሳየው የሐሰት አኗኗር ነው፤ ተፈጥሮን እንመዘግባለን ብለን ወጥተን ሐሰት ይዘን መመለሳችን ያሳዝነኛል።

ከመግባታችሁ በፊት የደኑን አስተዳደር ፈቃድ ጠይቁ፤ ጥበቃዎቹንና እረኞቹን ሰላም በሉ፤ ምንጩ የት እንደሆነ፣ ሳማው የት እንደሚበዛ ከማንም በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ስትመለሱ ሳታድሩ በዚያው ምሽት ማስታወሻውንና ፎቶውን አስተያዩ፤ ዝርያውን ያላወቃችሁትን «ያልታወቀ» ብላችሁ ጻፉ እንጂ በግምት ስም አትስጡ። ከፎቶዎቹም ጥቂቱን አሳትማችሁ በሚቀጥለው ጉዞ ለጥበቃዎቹና ለእረኞቹ ልጆች ውሰዱላቸው፤ ስሙን፣ የተነሣበትን ቦታና የምትመገበውን ተክል በጀርባው ላይ በሚያነቡት ቋንቋ ጻፉበት።